ሸክላ በጡረታ ዘመን

በሰሜን ኢትዮጵያ ሸክላ መሥራት ሴት ልጅ ከእናቷ የምትወርሰው ሙያ ነበር፤ ከውጭ መጥቶ ልማር የሚል እምብዛም አልነበረም። ጋኑም ምጣዱም ከእጇ እየተገዛ፣ ሠሪዋ ግን ቡዳ እየተባለች ትገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም። እንግዲህ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ለገበያ ሳይሆን ለገዛ ደስታው ጭቃ የሚያቦካ ሰው፣ የቀደሙት ያፈሩበትን ሥራ በፈቃዱ መምረጡ ነው፤ ይህም ቀላል ለውጥ አይደለም።

የሥራው ጠባይ ለአዛውንት ይስማማል። መንኰራኩር አያሻውም። ጀማሪው አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር አቡክቶ በእጁ ይገነባዋል፣ በልሙጥ ድንጋይ ይወለውለዋል። የሚከብደው ማድረቁ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ እሳት የገባ ዕቃ ይፈነዳል። በደኅና የወጣችው የመጀመሪያ ድስት ግን ተሟሽታ ሽሮ ይንተከተክባታል።