በወይን ጓዳ የተገኘው ጨዋታ

«እኔ ካየሁት ይሸነፋሉ» ብሎ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የሚወጣ ደጋፊ በየሰፈሩ አይጠፋም። ዝነኛው አሜሪካዊ ድምፃዊ ቢንግ ክሮዝቢ ግን አገር ጥሎ ነው የሄደው። የፒትስበርግ ፓይሬትስ ቤዝቦል ክለብ ባለድርሻ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ቡድኑ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ለዋንጫ ሲገጥም ጭንቀቱን አልቻለውም። ፓሪስ ተቀምጦ በሬዲዮ ተከታተለ። ይሁን እንጂ ምናልባት ካሸነፉ ተረጋግቶ እንዲያየው ወሳኙን ሰባተኛ ጨዋታ በፊልም የሚያስቀርለት ድርጅት ቀጥሮ ነበር።

ዘዴው ኪኔስኮፕ ይባላል፤ የፊልም ካሜራ ቴሌቪዥን ፊት ተደቅኖ የሚተላለፈውን እንዳለ ይቀርጻል። በዚያ ዘመን የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ጣቢያዎች የትናንቱን አጥፍተው በላዩ የዛሬውን ይቀርጹበት ነበር። የድሮ ቤዝቦል የናፈቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ቁርጥራጭ ብቻ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ጨዋታው ደግሞ ተራ ጨዋታ አልነበረም። ያንኪስ 16 ለ3፣ 10 ለ0 እና 12 ለ0 እያሸነፈ እንኳ ፓይሬትስን መጣል አቅቶት ሦስት ለሦስት ሆነው ነው ኦክቶበር 13 የደረሱት። በስምንተኛው ዙር መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ ድንገት ነጥራ የያንኪሱን ቶኒ ኩቤክ ጉሮሮ መታችው። ያቺ ንጥሪያ ለፓይሬትስ በር ከፈተች፤ ሃል ስሚዝ ኳሷን ከሜዳ አሻግሮ በመምታት (ሆም ረን) ቡድኑን 9 ለ7 አስመራ። ያንኪስ ተነሥቶ 9 እኩል አደረገ። በመጨረሻም ከመምታት ይልቅ በመከላከል የሚታወቀው የፓይሬትሱ ቢል ማዜሮስኪ ከቀኑ 9:36 ላይ ኳሷን በግራው ግድግዳ አሻግሮ ላካት። 10 ለ9!

የማዜሮስኪን ምት ያላየ የቤዝቦል ወዳጅ የለም። ሙሉው ጨዋታ ግን የት እንደገባ ሳይታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነበር። ክሮዝቢ በ1977 አረፈ። በዲሴምበር 2009 ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለው ቤቱ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነው የወይን ጓዳ ውስጥ፣ አምስት ጥቅል ፊልም ተገኘ።

በዓመቱ ፒትስበርግ ቲያትር ቤት ውስጥ በሕይወት ያሉ ተጫዋቾች በተገኙበት ታየ፤ ቀጥሎም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ጥቁርና ነጭ ነው። እንደዛሬው ስክሪኑን የሞላ ቁጥር የለም፤ አልፎ አልፎ የተጫዋች ስም ብቅ ይላል። ቦብ ፕሪንስ የመጀመሪያውን አጋማሽ፣ ሜል አለን ሁለተኛውን ያስተላልፋሉ፤ እርስ በርስ እንኳ ብዙም አያወሩም። እኔን የማረከኝ ይህ ቁጥብነታቸው ነው። አለን በ1977 በተጀመረው «ዚስ ዊክ ኢን ቤዝቦል» ሳምንታዊ ፕሮግራም ድምፁን ለሌላ ትውልድ ያስለመደው ያው ሰው ነው።

ጨዋታው የተካሄደበት ስታዲየም ፈርሶ ዛሬ የግድግዳው ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። በየዓመቱ ኦክቶበር 13 ሰዎች እዚያ ተሰብስበው የጨዋታውን የሬዲዮ ቅጂ ከመነሻው ያዳምጣሉ፤ ፊልሙ ከተገኘም በኋላ አልተዉትም። የማዜሮስኪ ኳስ ልክ 9:36 ላይ እንድትሻገር ቴፑን በሰዓቱ ያስነሡታል።