ለተቸገረ ሰው የወለድ ብድር ይፈቀዳልን?

ቤተሰቡን የሚያሳክምበት ገንዘብ ያጣ ሙስሊም ከባንክ በወለድ ቢበደር ኃጢአት ይሆንበታል ወይስ ችግሩ ያስፈቅድለታል? መልሱ «ሐራም» ወይም «ሐላል» ተብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። ዑለማዎች የሰጡት ብያኔ የራሱ ደረጃዎችና መስፈርቶች አሉት።

መነሻው ክልከላ ነው

ቁርዓን በአል-በቀራህ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 275 ንግድን ፈቅዶ ሪባን ይከለክላል። ሪባ በአማርኛ በአብዛኛው «አራጣ» እየተባለ ይተረጎማል። ይህ አተረጓጎም የአገራችንን አንባቢ ሊያደናግር ይችላል። በኢትዮጵያ ሕግ ወለድና አራጣ የተለያዩ ናቸውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 በማይበልጥ ወለድ እንዲበዳደሩ ይፈቅዳል፤ አራጣ ማበደር ግን በወንጀል ያስጠይቃል። አብዛኞቹ የሸሪዓ ሊቃውንት ይህንን ልዩነት አይቀበሉም። መጠኑ አነሰም በዛ፣ በብድር ላይ እንዲጨመር ስምምነት የተደረገበት ሁሉ ለእነርሱ ሪባ ነው። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 በጅዳ ያጸናውም ይህንኑ አቋም ነው።

ክልከላው አበዳሪውን ብቻ የሚመለከትም አይደለም። በሙስሊም የሐዲስ መድብል በተዘገበው መሠረት ውግዘቱ ወለድ ተቀባዩን፣ ከፋዩን፣ ውሉን ጸሐፊውንና ምስክሮቹን ሁሉ ይጨምራል። ስለዚህ «እኔ ከፋይ እንጂ ተቀባይ አይደለሁም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያዋጣም።

«ዶሩራ» እና «ሐጃ»

የልዩነቱ መግቢያ በር «ዶሩራ» የሚባለው መርህ ነው። ቁርዓን በዚያው ምዕራፍ አንቀጽ 173 በረሃብ ተገዶ የተከለከለ ምግብ የበላ ሰው ወሰን እስካላለፈ ድረስ ኃጢአት እንደሌለበት ይገልጻል። ከዚህ በመነሳት የሕግ ሊቃውንት ሁለት መርሆዎችን አውጥተዋል። አስገዳጅ ሁኔታ የተከለከለውን ያስፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን በችግሩ ልክ ብቻ ይሆናል። የኦቶማን መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ የሆነው መጀላም እነዚህን መርሆዎች በቁጥር 21 እና 22 አስፍሯቸዋል።

በአል-አዝሃር የእስላማዊ ምርምር አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1965 መርሁን በብድር ላይ ሲተገብር አበዳሪንና ተበዳሪን ለይቷል። በወለድ ማበደር በምንም ችግር አይፈቀድም፤ በወለድ መበደር ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ኃጢአቱ ይነሳል። ሁኔታው አስገዳጅ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መመዘን ለተበዳሪው ሃይማኖታዊ ሕሊና ተትቷል።

ክርክሩ የሚከረው ከዶሩራ አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው «ሐጃ» ላይ ነው። ሐጃ ሕይወትን ለአደጋ የማይጥል፣ ነገር ግን ኑሮን እጅግ የሚያከብድ ችግር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የሐነፊ መዝሀብ ሊቅ ኢብን ኑጀይም ለችግረኛ በትርፍ መበደር እንደሚፈቀድ ጽፈዋል። የአውሮፓ የፈትዋና ምርምር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1999 በምዕራቡ ዓለም የሚኖሩና ሌላ አማራጭ ያጡ ሙስሊሞች የመኖሪያ ቤት በባንክ ብድር እንዲገዙ ፈቅዷል፤ ቤቱ ለራስና ለቤተሰብ መኖሪያ እንዲሆንና ገዢው ሌላ ቤት የሌለው እንዲሆን በማሰብ። ውሳኔውን ብዙ ዑለማዎች ተቃውመውታል። ሰው ቤት ተከራይቶ መኖር ይችላልና ችግሩ የዶሩራ ደረጃ ላይ አልደረሰም የሚል ነው ምክንያታቸው።

ችግሩ የሚመዘንባቸው ነጥቦች

አስገዳጅ ሁኔታን የሚቀበሉ ሊቃውንት በአብዛኛው የሚከተሉትን ይጠይቃሉ፦

1. ችግሩ በእርግጥ የደረሰ ነው ወይስ ወደፊት ይመጣል ተብሎ የተፈራ?
2. ያለ ወለድ የሚያበድር ዘመድ፣ ማኅበር ወይም ባንክ ተፈልጎ ታጥቷል? ሊሸጥ የሚችል ትርፍ ንብረትስ የለም?
3. የብድሩ መጠን ችግሩን ከሚያስወግደው አይበልጥም?
4. ተበዳሪው ከዕዳው ቶሎ ለመውጣት ቆርጧል?

በእነዚህ መመዘኛዎች ለአስቸኳይ ሕክምና መበደርና መኪና ለመለወጥ መበደር ፈጽሞ አይገናኙም።

የእኛ አገር ሁኔታ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። የብድር ውል ለመደበኛ ፍርድ ቤት የሚቀርብ በመሆኑ ፈትዋ ሕሊናን ይመራ ይሆናል እንጂ ከባንክ ጋር የተፈረመን ውል አያፈርስም።

ሁለተኛው መስፈርትም እዚህ አገር መልኩ ተለውጧል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ደረጃ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ መመሪያ አወጣ። ዘምዘም ባንክ በ2021 ሥራ ጀመረ። «ሌላ አማራጭ የለም» ማለት ለከተማ ነጋዴ እንደ ቀድሞው ቀላል አይሆንለትም።

ነገር ግን እነዚህ ተቋማት በስፋት የሚጠቀሙበት ሙራበሃ ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ መሸጥ ነው። ዕቃ ለሚፈልግ ነጋዴ ይመቻል፤ የሆስፒታል ሒሳብ ለሚጠየቅ አባት ግን እምብዛም መፍትሔ አይሆንም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ያለ ትርፍ የሚሰጥ ብድር (ቀርድ ሐሰን) ወይም ዘካ ነው። ዕጣው በቅናሽ የማይሸጥበት ዕቁብም ለብዙዎች መውጫ ሆኗል።

ቁርዓን በአል-በቀራህ አንቀጽ 280 አበዳሪው የተቸገረ ባለዕዳን እንዲታገሥ ያዛል፤ ዕዳውን ቢምረው የተሻለ መሆኑንም ይናገራል። በአት-ተውባህ ምዕራፍ አንቀጽ 60 ደግሞ ባለዕዳዎችን ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ይቆጥራል። በእኔ እምነት ክርክራችን ሚዛኑን የሳተው እዚህ ላይ ነው። የተቸገረውን «ለምን ተበደርክ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ዘካና ቀርድ ሐሰን ያለባቸው ወገኖች የት ነበሩ ብለን መጠየቅ ይገባናል።