ቀድሞ ያለፈው የተወው ነፋስ

ጀልባ ሲያልፍ ከኋላው የሚተወውን ሞገድ ዐይናችን ያየዋል፤ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ የሚተወውን ግን አናየውም። ከክንፉ በታች ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ የታመቀ ነውና ክንፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሽቅብ ይጠቀለላል፤ ከአውሮፕላኑም ኋላ ሁለት ረዣዥም አዙሪቶች ይቀራሉ። አውሮፕላኑ በከበደና በዘገየ መጠን አዙሪቱ ይበረታል። ነዳጅ ሞልቶ፣ ሕዝብ ጭኖ ገና ከመሬት የሚለቅ ግዙፍ አውሮፕላን ደግሞ ከባድም ዘገምተኛም ነው። ከኋላው የሚነሣ ሁሉ ይህን ሊያስብ ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ሒሳብ የማመሳክር ሰው ነኝ፤ ስለ በረራ የማውቀው ከንባብ ነው። ሆኖም ይህን ታሪክ ካነበብሁት ወዲህ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

ግንቦት 22 ቀን 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) በቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ አቅራቢያ፣ ለልምምድ የወጣ አንድ ዲሲ-9 ሊያርፍ ሲል ቀድሞት ባለፈው ዲሲ-10 አዙሪት ተገልብጦ ተከሰከሰ። በውስጡ የነበሩት አራቱም ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ከከባድ አውሮፕላን ኋላ የሚጠበቀው ርቀት ሰፋ። የሰው ልጅ ለማይታየው ነገር በደቂቃና በማይል ድንበር አበጀለት።

ድንበሩ ግን ፍርሃትን አያስቀርም። ኅዳር 3 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001)፣ ኒው ዮርክ በጥቃት ከተመታች ገና በ62ኛው ቀን፣ የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 587 ከጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ሊነሣ ተዘጋጀ። አንድ የጃፓን ቦይንግ 747 ከፊቱ ተነሥቶ ነበር። ረዳት አብራሪው ርቀቱ ይበቃ እንደሆነ ዋናውን አብራሪ ጠየቀ፤ እርሱም እስክንነሣ ድረስ ይርቃል ሲል አረጋጋው። በእርግጥም ርቀቱ ደንቡን የጠበቀ ነበር።

ተነሡ። አዙሪቱ አንድ ጊዜ ነካቸው፤ ጥቂት ቆይቶም ደገመ። ረዳት አብራሪው በእግሩ የጭራውን መሪ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ እያለ በኃይል ረገጠ። ሰባት ሰከንድ ያህል እንኳ ሳይቆይ ቀጥ ብሎ የቆመው የጭራ ክንፍ ተገንጥሎ ወደቀ። ኤርባሱ ቤል ሃርበር በተባለው መንደር ላይ ተከሰከሰ፤ የተሳፈሩት 260 ሰዎችና በምድር የነበሩ አምስት ሰዎች አለቁ።

መርማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የደረሱበት መደምደሚያ ያሳዝናል። አዙሪቱ አውሮፕላኑን የሚሰብር አልነበረም፤ ጭራውን የሰበረው ያ ኃይለኛ ርግጫ ነው። ታዲያ ሟቹን ብቻ እንውቀስ? እነርሱም አላደረጉትም። የመሪው ፔዳል በትንሽ ርግጫ ብዙ የሚታዘዝ ሆኖ መሠራቱን፣ የአየር መንገዱም ሥልጠና አዙሪትን ከእውነተኛው አግንኖ ያሳይ እንደነበር አብረው መዘገቡ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል የአገሬ ሰው። ይህ ሰው ግን እባቡን በሥልጠና ክፍል አሳዩት፤ በሰማይ ያገኘው ልጥ ነበር።

ሁለቱን አደጋዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የምረዳው ይህን ነው፤ የመጀመሪያው መፍራትን አስተማረ፤ ሁለተኛው የፍርሃትን ልክ። ለመጀመሪያው ትምህርት አራት ነፍስ፣ ለሁለተኛው 265 ተከፈለ። በሥራዬ ገቢና ወጪ ካልተመዛዘነ መዝገብ አይዘጋም፤ ይህኛው ግን ከቶ አይመዛዘንልኝም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በሮክአዌይ የባሕር ዳርቻ የመታሰቢያ ግድግዳ ቆመላቸው። የሟቾቹ ስም ተቀርጾበታል፤ ሰላምን ብቻ የሚሻ አንድ ስንኝም ከዶሚኒካኑ ባለቅኔ ከፔድሮ ሚር ተወስዶ ሰፍሮበታል። በግድግዳው መካከል በር ተከፍቷል፤ በበሩ በኩል ሊደርሱበት ወዳልቻሉት አገር የሚወስደው ባሕር ይታያል።