ፊቱ የሷ፣ ድምፁ የማን?

አንዲት ዘፋኝ ፊልም ላይ ሕፃን አቅፋ ታንጐራጉራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኗም አብሮ ያዜማል። የሚሰማው ድምፅ ግን የሷ አይደለም፤ ሌላ ሴት ናት የዘፈነችላት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ሲሆን ተዋናይቱ ዳያን ካሮል ናት። በዚያን ጊዜ ሆሊዉድ ውስጥ በምትክ ድምፅ መዘፈን የተለመደ ነበር፤ እሺ ይሁን። እኛ ግን የዚችን ሴት የሥራ ታሪክ ስናገላብጥ ይህች ትዕይንት ከሐሳባችን አልጠፋ አለች። ጥቁሩ ፊት ይፈለጋል፤ ድምፁን ግን ሌላ ሰው ያቀብለዋል። ለመሆኑ ካሮል ይህን እንዴት ቻለችው? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ካሮል በ1935 ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ ውስጥ ተወልዳ ሃርለም አደገች። አባቷ የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኛ፣ እናቷ ነርስ ነበሩ። («ነርስ» የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስባታለን።) እሷም እንደኛው ተማሪ ነበረች፤ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሲዮሎጂ ስትማር መድረኩ ጠልፎ ወሰዳት። በ1954 መጨረሻ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ «ሃውስ ኦቭ ፍላወርስ» በተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ብሮድዌይ ላይ ብቅ አለች። የታወቀችው ግን በ1962 ነው። በዚያ ዓመት ሪቻርድ ሮጀርስ፣ ለረጅም ጊዜ ግጥም ሲጽፍለት የኖረው ሐመርስታይን ስለ ሞተ ዜማውንም ግጥሙንም ራሱ ደርሶ፣ «ኖ ስትሪንግስ» የተባለ ቲያትር አቀረበ፤ ዋናውንም ሚና ለካሮል ሰጣት። ቲያትሩ 580 ጊዜ ታየ። ካሮልም በሙዚቃዊ ቲያትር በዋና ተዋናይነት የ«ቶኒ» ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ የዚያን ዓመት ሽልማት ከአና ማሪያ አልበርጌቲ ጋር እኩል ተካፍላለች።

ታሪኩ ምን ነበር? አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የፋሽን ሞዴል ፓሪስ ውስጥ ከነጭ አሜሪካዊ ደራሲ ጋር ትዋደዳለች። በመጨረሻ እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ እሷ አብራው አትሄድም፤ ይለያያሉ። ለምን? ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ድርሰቱ ግን የቀለምን ነገር ስም ጠርቶ አይናገርም። እንግዲህ እዚህም ፊቷ የሚናገረውን ቃሉ ይሸሸዋል።

ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይከራል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በአምስተኛው ወር፣ በመስከረም 1968፣ ኤን.ቢ.ሲ. «ጁሊያ» የተባለውን ተከታታይ ትርኢት ጀመረ። ቀደም ሲል በ1950ዎቹ መጀመሪያ «ቢዩላ» በሚባለው ትርኢት ጥቁር ሴት መሪ ተዋናይ ሆና ነበር፤ ግን የነጮች ቤት ሠራተኛ ሆና። ጁሊያ ግን ነርስ ናት (የካሮል እናት ሙያ!)። አውሮፕላን አብራሪ ባሏ ቬየትናም ሞቶባት፣ ትንሽ ልጇን በደህና አፓርታማ ታሳድጋለች። ሥራ ፍለጋ ስልክ ስትደውል ጥቁር መሆኗን አስቀድማ ለሐኪሙ ትነግረዋለች፤ እሱም ድሮም ጥቁር ነሽ ወይስ ፋሽን ተከትለሽ ነው ብሎ ይቀልዳል። ቀልድ ሆኖ አለቀ በቃ! የዘመናት ቁስል በአንድ ስልክ ተሸፈነ።

ትችቱም ወዲያው ወረደ። ይህች ሴት የት አገር ነው የምትኖረው? ከተማው ሲነድ የጢሱ ሽታ እንኳ አይደርሳትምን? ጥቁር አባትስ ከቤቱ ለምን ጠፋ? ተባለ። የትርኢቱ ፈጣሪ ሃል ካንተር ነጭ ነበር። ካሮል ራሷም በዚያው ዓመት ለአንድ መጽሔት ስትናገር፣ የሚታየው «ነጭ ኔግሮ» ነው ብላለች። እያመነች ሠራች ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዝም ብላ አልሠራችም፤ የተጻፈላትን እያነበበች ትከራከር ነበር። በ1969 ደግሞ ጁሊያን የምትመስል የነርስ ልብስ የለበሰች ጥቁር አሻንጉሊት ለገበያ ወጣች። አንዲት ጥቁር ሕፃን የራሷን መልክ በእጇ ያዘች፤ ይህስ ቀላል ነገር ነው?

እኛም መጀመሪያ ላይ ፈርደንባት ነበር፤ «ለነጩ የምትመች ጥቁር» ብለን። ነገሩን ስናጠናው ግን ፍርዳችን ላላ። አንድ እንጨት አይነድም ይባላል። በቴሌቪዥኑ መስኮት አሥር ጥቁር ሴቶች ቢኖሩ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ አንዷ ተማሪ፣ አንዷም ክፉ ብትሆን፣ ጁሊያ ከብዙ አንዷ ሆና በሰላም ባለፈች ነበር። በሩ ግን ለአንዲት ብቻ ተከፈተና ያቺ አንዲት የሚሊዮኖችን ኑሮ ልክ ቁጭ አድርጊ ተባለች። ጥፋቱ የገባችው ሴት ነው ወይስ የበሩ ጥበት?

ትርኢቱ በ1971 ካበቃ በኋላ የሠራችው መልስ ይሰጠናል። በ1974 «ክሎዲን» በተባለው ፊልም በመንግሥት ድጎማ የምትተዳደር፣ ስድስት ልጆች የምታሳድግ የሃርለም እናት ሆና ተጫወተች። ሚናው የዳያና ሳንድስ ነበር፤ ሳንድስ በካንሰር ስትታመም ካሮል እንድትተካት ያሳሰበችው እሷው ናት። ያቺ ምርጥ ልብስ ለባሽ ይህን ትችላለች ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። ቻለችው፤ ለኦስካርም ታጨች። ኋላ በ1984 «ዳይነስቲ» ውስጥ ስትገባ ደግሞ እንዳታሳምሩኝ፣ ሀብታምና ክፉ አድርጋችሁ ጻፉልኝ አለች። ነገሩን ልብ እንበል፦ መልካም ብቻ ሁኚ የተባለች ሴት ክፉ የመሆንን መብት ጠየቀች! ዶሚኒክ ዴቨሮ ሆናም ያንን መብት እስከ 1987 ሠራችበት።

ካሮል በጥቅምት 2019 በ84 ዓመቷ አረፈች። በ1959 ድምፅ የተተካላት ዘፋኝ በ1984 ምን እንደሚጻፍላት ራሷ ተናገረች፤ በመካከሉ ሃያ አምስት ዓመት አለ። ውድ አንባቢያን፣ በመተላለፊያው ቆመን «እገሌ ተሸጠች፣ እገሌ ተለወጠች» ስንል እነዚህን ሃያ አምስት ዓመታት እንቁጠራቸው። ፍርዱን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።