ግብጦ፦ ባሕርያቱ፣ ጥቅሙና አመራረቱ

ግብጦ ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ጥራጥሬ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ መጠሪያው ሉፒነስ አልበስ ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚመረተው በጎጃምና በአዊ አካባቢዎች ነው፤ በደብረ ታቦር ዙሪያና በሌሎች የደቡብ ጎንደር ደጋማና ወይና ደጋ ቀበሌዎችም ይዘራል። ቅጠሉ እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ፣ አበባው ነጭ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ፍሬው ጠፍጣፋና ነጣ ያለ ነው።

ሰብሉ በደከመ መሬት ላይ መብቀል መቻሉ ለአካባቢው ያለውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። የደቡብ ጎንደር ደጋ መሬት በተደጋጋሚ እርሻና በከባድ ዝናብ እየታጠበ በብዙ ስፍራ አሲዳማ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ፎስፎረስ ቢኖርም ታስሮ ስለሚቆይ ብዙ ሰብል ሊጠቀምበት አይችልም። ግብጦ ግን እንደ ብሩሽ ከተሰበሰቡ ጥቃቅን ሥሮቹ ሲትሪክ አሲድ እያመነጨ የታሰረውን ፎስፎረስ ይፈታል። በሥሩ እባጮች የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚወስዱ፣ ተከትሎ የሚዘራው እህል ይጠቀማል። ውኃ የሚተኛበትን መሬት ግን አይወድም፤ ስለዚህ ለፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር አይመከርም።

አመራረቱ ብዙ ድካም አይጠይቅም። አርሶ አደሩ በጥቂት እርሻ ይዘራዋል፤ ማዳበሪያም አረምም እምብዛም አያደርግለትም። ይህ ቸልታ ምርቱ ዝቅተኛ እንዲሆን አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም።

ፍሬው ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን አለው። ለቆሎና ለሽሮ ይውላል፤ የግብጦ አረቄም ይወጣበታል። አገዳው ለማገዶ ያገለግላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በፍሬው ውስጥ ስላሉት አልካሎይዶች ነው። የአገሬው ግብጦ እነዚህን መራራ ንጥረ ነገሮች በብዛት ስለያዘ፣ ሳይዘጋጅ ቢበላ የአፍ መድረቅ፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ ማዞርና የልብ ምት መዛባት ያስከትላል። ጉዳቱ ከጓያ የተለየ ነው፤ ጓያ ለረጅም ጊዜ አዘውትረው ሲመገቡት እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ግብጦ ግን በበሉት በሰዓታት ውስጥ ይመርዛል። እናቶች ቆልተው ወይም ቀቅለው በወራጅ ውኃ ለቀናት መንከራቸው ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ አልካሎይዱ በውኃ ስለሚሟሟ ታጥቦ ይወጣል። መቁላት ብቻውን አይበቃም። ወራጅ ውኃ በሌለበት ቤት ውኃውን በየቀኑ ደጋግሞ መቀየር፣ ምሬቱም ፈጽሞ እስኪጠፋ መጠበቅ ይገባል። የተነከረበትን ውኃ ከብት እንዳይጠጣው መደፋት አለበት። ለለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው በደንብ የተዘጋጀውንም ግብጦ ባይበላ ይመረጣል።

ምሬታቸው እጅግ ዝቅተኛ የሆነ፣ ሳናቦርና ቪታቦር የተባሉ የጣፋጭ ግብጦ ዝርያዎችም በአማራ ክልል ተሞክረዋል። እነዚህ ከአገሬው ግብጦ የተለየ፣ ቅጠለ ቀጭን የሆነ ሌላ የግብጦ ዘር ናቸው፤ ለሰው ምግብም ለበግ ማድለቢያም ይሆናሉ። የጣፋጩን ዘር የሚያመርት አርሶ አደር በአውድማም ሆነ በጎተራ ከአገሬው ግብጦ ለይቶ መያዝ አለበት። ተቀላቅሎ የተገኘ ፍሬ ሁሉ እንደ መራራ ተቆጥሮ መነከር ይኖርበታል።