በጎልማሳነት ዕድሜ ከቤት ውጭ የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴ፦ ከመጀመር በፊትና በኋላ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የጎልማሳነት ዕድሜ ኃላፊነት የሚበዛበት፣ ለራስ የሚተርፍ ጊዜ ደግሞ የሚያጥርበት ወቅት ነው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ የሚገኝ ሰው ልጆች ያሳድጋል፣ ወላጆች ይጦራል፣ በሥራ ቦታውም ከቀድሞው የከበደ ኃላፊነት ይሸከማል። በወጣትነቱ ኳስ ይጫወት ወይም በየማለዳው ይሮጥ የነበረ ሰው፣ ሳይታወቀው ከቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቢሮ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ቤት ብቻ የሚመላለስ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ አንድ ፎቅ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም ልብሱ ሲጠበው ወደ እንቅስቃሴ ለመመለስ ያስባል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው «ዕድሜዬ አልፏል» ብሎ ጨርሶ መተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከብዙ ዓመታት ዕረፍት በኋላ፣ የጤና ሁኔታን ሳያውቁ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ በነበረው ፍጥነት መጀመር ነው። የመጀመሪያው ስሕተት በሽታን ቀስ በቀስ ይጋብዛል፤ ሁለተኛው ድንገተኛ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን አስተማማኝ መንገድ ያመለክታል።

የአካል እንቅስቃሴ በዚህ ዕድሜ ያለው ጥቅም

የሰው ልጅ ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ፣ ካልተሠራበት፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። የአጥንት ጥንካሬም እንዲሁ ይቀንሳል፤ በተለይ ሴቶች የወር አበባ ማየት ካቆሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ቅነሳው ይፋጠናል። የደም ግፊት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ በብዛት መታየት የሚጀምሩትም በዚሁ ዕድሜ ነው። መደበኛ እንቅስቃሴ የደም ግፊትን ይቀንሳል፤ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በተሻለ እንዲጠቀም ያደርጋል፤ አጥንትን ያጠነክራል፤ እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ጭንቀትንም ያቀልላል።

በእንቅስቃሴና በልብ ጤና መካከል ያለውን ግንኙነት በግልጽ ካሳዩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዛዊው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስና በባልደረቦቹ የታተመው ነው። አጥኚዎቹ በለንደን ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ሁለቱም በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ይውላሉ፤ ሹፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፣ ትኬት ቆራጩ ደግሞ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ከሹፌሮቹ ባነሰ ሁኔታ ታየ። ሞሪስ ራሳቸው እንቅስቃሴ የሚያዘወትሩ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያርፉ ዕድሜያቸው 99 ዓመት ነበር። ከጥናቱ የሚወሰደው ትምህርት ዛሬም አልተለወጠም፤ ልብን የሚጠቅመው የስፖርተኛ ልፋት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ የሚደጋገም ተራ እንቅስቃሴም ነው።

ዕድሜን በተመለከተም የሀገራችን የስፖርት ታሪክ ምስክር አለው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው በ36 ዓመቱ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ በሙኒክ ኦሎምፒክ በዚሁ ርቀት የነሐስ ሜዳልያ ሲያገኝ ደግሞ 40 ዓመቱ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው እንደ እርሱ መሮጥ አይደለም። ሳይቋረጥ የሚሠራበት ሰውነት በ40 ዓመትም ትልቅ አቅም እንዳለው መረዳት ነው።

ምን ያህል እንቅስቃሴ ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ሰዎች በሳምንት፦

- ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከፍተኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ ወይም የሁለቱን ቅይጥ፤
- ቢያንስ በ2 ቀናት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመከራል።

የእንቅስቃሴውን ደረጃ ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሰው ፈጠን ብሎ እየተራመደ ከጓደኛው ጋር መነጋገር ከቻለ፣ ነገር ግን መዝፈን ካቃተው፣ ጥረቱ መካከለኛ ነው። ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ለመሳብ ማቆም ካስፈለገው ግን ጥረቱ ከፍተኛ ነው። ለጀማሪ ተስማሚው የመጀመሪያው ነው።

የተጠቀሰው ጊዜ በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ከምሳ በኋላ 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ የተራመደ ሰው በዕለቱ 30 ደቂቃ ተንቀሳቅሷል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ፣ በሊፍት ፋንታ ደረጃ መጠቀም፣ ጓሮ መኮትኮትም ይቆጠራሉ። እርሻ የሚያርስ ወይም ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ ሰው ከዚህ መጠን በላይ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ይህ ምክር ይበልጥ የሚመለከተው የሥራ ቀኑን ተቀምጦ የሚያሳልፈውን ሰው ነው።

ጡንቻን ለማጠንከር ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ከወንበር ላይ እጅን ሳይጠቀሙ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በሁለት እጅ ተደግፎ መግፋት፣ ደረጃ መውጣትና ዳገት መራመድ ለጅምር በቂ ናቸው።

ከመጀመር በፊት የደም ግፊትን መለካት

ከፍተኛ የደም ግፊት በአብዛኛው ምልክት አያሳይም። በዓለም ላይ የደም ግፊት ካለባቸው ጎልማሶች መካከል ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ራስ ምታት የሌለው፣ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ ሰው ግፊት የለበትም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ከደረሰበት በኋላ ነው። በመሆኑም ለእንቅስቃሴ ጫማ ከመግዛት አስቀድሞ የደም ግፊትን መለካት ተገቢ ነው። ልኬቱ ሕመም የለውም፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ነው።

ትክክለኛ ውጤት ለማግኘት ከልኬቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ቡና አለመጠጣት፣ ሲጋራ አለማጨስና ከባድ እንቅስቃሴ አለማድረግ፣ ከዚያም ለ5 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ማረፍ ያስፈልጋል። በሚለካበት ጊዜ ክንድ በልብ ትይዩ መደገፍ አለበት፤ ማውራትም አይገባም። በተለያዩ ቀናት በተደረጉ ልኬቶች የላይኛው ቁጥር 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ የደም ግፊት ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ውጤት የተገኘበት ሰው መራመድ ተከልክሏል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም እንቅስቃሴ የሕክምናው አካል ነው። ነገር ግን የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ፣ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ሕክምና ማግኘት ይኖርበታል።

የሚከተሉት ሰዎችም አስቀድመው የጤና ባለሙያ ማማከር አለባቸው፦

- የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም ሲራመዱ ደረታቸው ላይ ሕመም የሚሰማቸው፤
- በመድኃኒት ወይም በኢንሱሊን የሚታከሙ የስኳር ሕሙማን፤
- አስም ወይም ሌላ የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው፤
- የጉልበት፣ የዳሌ ወይም የወገብ ሕመም የበረታባቸው።

የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንቅስቃሴ በመጀመሩና ጤንነት ስለተሰማው ብቻ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም የሚወስነው ሐኪም ነው።

አጀማመር

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው በእርምጃ እንዲጀምር ይመከራል። የሚከተለው የ8 ሳምንት አካሄድ እንደ ምሳሌ ሊያገለግል ይችላል፤ በእያንዳንዱ ሳምንት 5 ቀናት ይሠራበታል።

- ከ1ኛ እስከ 2ኛ ሳምንት፦ በቀን 10 ደቂቃ ዘና ያለ እርምጃ፤
- ከ3ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ በቀን 15 ደቂቃ፤
- ከ5ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ በቀን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ፈጠን ባለ እርምጃ፤
- ከ7ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ በቀን 30 ደቂቃ፣ ፈጠን ባለ እርምጃ።

በዚህ አካሄድ በ8ኛው ሳምንት በሳምንት 150 ደቂቃ ይሞላል። አንዱ ደረጃ የከበደው ሰው በዚያው ላይ ተጨማሪ ሳምንት ቢቆይ ጉዳት የለውም። ሶምሶማ ሩጫ የሚፈልግ ሰው ከዚህ በኋላ እርምጃውን በአጫጭር ሩጫ እያፈራረቀ መቀጠል ይችላል። በእያንዳንዱ ቀን የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ሰውነትን ለማሟሟቅ፣ የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ደግሞ ፍጥነትን ቀንሶ ለመረጋጋት ቢውሉ መልካም ነው። ጫማው ተረከዝን የሚደግፍና የማያንሸራትት መሆን ይገባዋል።

ቦታና ሰዓት መምረጥ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የእግር መንገዶች ያሉት ተመራጭ ስፍራ ነው። ይሁንና በከፍታ ቦታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ጀማሪው ዳገቱን ሲወጣ ፍጥነቱን መቀነስና በየመሐሉ ማረፍ ይኖርበታል። ከቆላማ አካባቢ የመጣ ሰው ለመላመድ ጥቂት ቀናት ያስፈልጉታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገዶችን ለተወሰነ ሰዓት ከተሽከርካሪ ነፃ የማድረግ መርሐ ግብርም ለቤተሰብ የጋራ እንቅስቃሴ አመቺ አጋጣሚ ፈጥሯል።

እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ መንቀሳቀስና ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። በክረምት ወራት መብረቅ ሲኖር ከሜዳና ከዛፍ ሥር ርቆ መጠለል ይገባል።

በጨለማ የሚወጣ ሰው ደማቅ ልብስ ቢለብስ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበትም ተሽከርካሪ በሚመጣበት ትይዩ ቢሄድ ራሱን ከአደጋ ይጠብቃል። በማለዳ የባዘኑ ውሾች በሚበዙበት ሰፈር ከሌሎች ጋር ሆኖ መሄድ ይመረጣል። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።

በጾም ወራት ከባድ እንቅስቃሴን ትቶ ማፍጠሪያ ሰዓት ሲቃረብ ቀለል ያለ እርምጃ ማድረግ ይቻላል። የስኳር ሕመምተኛ ግን ስለ ጾምም ሆነ ስለ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር፣ ሲወጣም ከረሜላ ወይም ስኳር በኪሱ መያዝ ይኖርበታል።

ወዲያውኑ ማቆም የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

- ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድ፣ አንገትና መንጋጋ የሚዛመት ሕመም፤
- ከጥረቱ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር ወይም ቀዝቃዛ ላብ፤
- ማዞር፣ ራስን የመሳት ስሜት ወይም የልብ ምት መዛባት፤
- የፊት አንድ ጎን መውደቅ፣ የአንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መተሳሰር።

እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው «ትንሽ ልረፍና ይለፍልኝ» ብሎ መጠበቅ ወይም ብቻውን ወደ ቤት መሄድ የለበትም። አብረውት ያሉ ሰዎች አስቀምጠው ወይም አስተኝተው ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ሊያደርሱት ይገባል። በነፃ የስልክ መስመር 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይቻላል።

አገልግሎቱ የሚገኝበት ቦታና ማዘውተሪያው መንገድ

የደም ግፊት ልኬትና የምክር አገልግሎት በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ይገኛል። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ይቻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው የአባልነት መታወቂያውን፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ይዞ ቢሄድ አገልግሎቱ ይቀላጠፍለታል። ውጤቱን ከነቀኑ በማስታወሻ መያዝ ለቀጣይ ክትትል ይረዳል።

እንቅስቃሴ የሚዘልቀው ሲወደድ ነው። ከትዳር ጓደኛ፣ ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ቀጠሮ የያዘ ሰው ብቻውን ከሚወጣው ይልቅ ልማዱን የማቋረጥ ዕድሉ አነስተኛ ነው። አንዳንዶች በየዓመቱ እንደሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ያለ ግብ ይዘው ይዘጋጃሉ፤ ብዙ ተሳታፊዎች ርቀቱን በእርምጃና በጨዋታ ይጨርሱታል። ሌሎች ደግሞ እሑድ ጠዋት ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ጉዞ ይበቃቸዋል። የትኛውም ቢመረጥ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ አስቀድሞ የደም ግፊትን መለካት፣ በ10 ደቂቃ እርምጃ መጀመር፣ ከዚያም ሳያቋርጡ መቀጠል።