የጅቡቲ በርና የሸማ ሥርዓት

የጅቡቲ ከተማ ታሪክ የመርከብና የባቡር ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የአገራችን ሰው ስለ ልብስ የነበረው አሳብ እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ ለመመርመር ለሚወድ ሁሉ የታመነ ምስክር ነው። ፈረንሳዮች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1888 ከተማዋን ቈርቍረው የግዛታቸውን መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚያ ካዛወሩ በኋላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት፣ የሐዲዱ ሥራ በ1897 ከዚያው ከወደቡ ተጀመረ። ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የሲራራ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ለሳምንታት ይደክምበት የነበረው ጉዞ በ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተተካ፤ በከተማዋ መካከል ያለውም አደባባይ ጅቡቲ በ1977 ነጻ እስክትወጣ ድረስ በምኒልክ ስም ይጠራ ነበር።

በዚህ በር ከሚገባው ሸቀጥ ዋነኛው ጨርቅ ነበር። አስቀድሞ የአሜሪካ አቡጀዲ፣ ኋላም፣ ይልቁንም በ1930ዎቹ መባቻ፣ በርካሽነቱ ሁሉን የረታው የጃፓን ጨርቅ ገበያውን መላው። ከህንድ የመጣው ክር ግን በሸማኔው እጅ ድር ሆኖ፣ እናቶች በእንዝርት ከፈተሉት ማግ ጋራ ተጋብቶ ሸማ ይሆን ስለ ነበር፣ ወደቡ ለአገር ጥበብ ጠላት ብቻ ነበረ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጉዳቱ የመጣው ከጨርቁ ብዛት ሳይሆን ከሥርዓቱ መዘንጋት ነው። አባቶቻችን ጋቢውን ለብርድ፣ ኩታውን ለአደባባይ ለይተው፣ በእንዶድ አጥበው፣ ሲያረጅም ለቤት አውለው ይኖሩ ነበር። ያቺው አንዲት ነጠላ በቤተ ክርስቲያን በመስቀል አምሳል ትጣፋለች፤ በኀዘን ጥለቷ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ በታላቅ ሰው ፊት ይደገደግባታል፤ በበዓል ጥለቷ ወደ ታች ተዘርግቶ ይታያል። እንግዲህ ልብሱ አንድ ሲሆን አለባበሱ ብዙ ነበር፤ የለባሹም ደስታ ልብስ በመለዋወጥ ሳይሆን ያለውን ዐውቆ በጊዜው በመልበስ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» መባሉም መልካሙ ልብስ ለክብር ቀን ተጠብቆ እንዲወጣ ነው።

በኋለኛው ዘመን፣ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ልብስ እያመጡ የሚነግዱ ሴቶች በብዙ ድካም ቤታቸውን አስተዳድረዋል፤ ድካማቸውም የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፣ ልብስን ስለ ማማሩና ስለ ጥንካሬው ሳይሆን አዲስ ስለ መሆኑ ብቻ የሚመኝ፣ ሣጥኑ ሞልቶ ሳለም የሚለብሰው ያጣ የሚመስለው የገዢው ልብ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ፣ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ማስተማሩም ለሁላችን የተተወ መስፈሪያ ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ገበያ ከመውጣትህ አስቀድመህ ሣጥንህን ክፈት፤ ያለህን አውጥተህ ልበሰው፤ የተቀደደውን ጥቀም፤ የተረፈህንም ለታረዘው ስጥ።